ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ፦ የኔዘርላንድ የኪው ፊቨር ጉዳይ

ኪው ፊቨር የያዛት ፍየል በሽተኛ አትመስልም። አታስልም። አታነክስም። መኖዋንም አትተውም። ስትበላ ትውላለች፣ ስታመሰኳ ታድራለች። ከዚያ መውለጃዋ ሦስት አራት ሳምንት ሲቀረው አንድ ሌሊት ፅንሱን ትጥላለች። ጠዋት ጉረኖ የገባ ሰው የሚያገኘው ጭድ ላይ የወደቀ የሞተ ግልገልና አጠገቡ የተዘረጋ እንግዴ ልጅ ነው። እናትየዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆማ መኖዋን ትጠብቃለች።

ዋናው ጉዳያችን ያ እንግዴ ልጅ ነው። ከእሱ አንድ ግራም ቢቆረጥ እስከ አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ሊገኝበት ይችላል። ባክቴሪያው ኮክሲየላ በርኔቲ ይባላል። ሰውን ለማሳመም ደግሞ ከአንድ እስከ አስር የሚሆኑት ብቻ ሳንባ ውስጥ ቢገቡ ይበቃሉ። እስቲ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

አገሩ ኔዘርላንድ ነው። ዘመኑ ከ2005 እስከ 2010፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ4,000 በላይ ሰው በበሽታው መያዙ ተመዝግቧል። ሳይመዘገብ የተያዘው ከዚያ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ይገመታል። ከ50,000 በላይ ያረገዙ ፍየሎችና በጎችም በመንግሥት ትእዛዝ ተገድለዋል። የሚገርመው በሽታው ገና በመጀመሪያው ዓመት ተገኝቶ ነበር። ማይክሮስኮፕ ሥር ታይቷል፣ በስሙም ተጠርቷል። ታዲያ ምን ነካቸው?

ፍየሉ ከየት መጣ

ኔዘርላንድ ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚመጣልን ጥቁርና ነጭ ላም ነው። ፍየሉ የበዛው በኋላ ነው። በ1984 የአውሮፓ ማኅበረሰብ በላም ወተት ላይ ኮታ ጣለ። ከኮታው በላይ ያለበ ይቀጣል። የፍየል ወተት ግን ኮታ የለበትም። ገበሬው ነገሩ ቶሎ ገባው። በ1997 ደግሞ የአሳማ ወረርሽኝ ደቡቡን፣ በተለይም ሰሜን ብራባንት የሚባለውን ክፍለ ሀገር፣ ክፉኛ መታው። ከአሳማ ወጥቶ ፍየል የገባ ብዙ ነው። በ1995 በአገሪቱ 76,000 ገደማ ፍየል ነበረ። በ2009 ቁጥሩ 374,000 ደረሰ።

እነዚህ ቁጥቋጦ እየቀነጠሱ የሚውሉ ፍየሎች እንዳይመስሏችሁ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ውስጥ ናቸው። አንድ ጣሪያ ሥር ስድስት መቶ፣ ዘጠኝ መቶ፣ ከዚያም በላይ። ከሥራቸው ጭድ ይነጠፋል። በጠጡና ሽንቱ ሲያረጥበው ሌላ ጭድ ይደረብበታል። ወር በወር ላይ ሲደራረብ ወፍራም ፍራሽ ይሆናል። አብዛኞቹ ከክረምታቸው መጨረሻ እስከ ጸደይ ባለው ጊዜ ተከታትለው ይወልዳሉ። የሽርት ውሃው፣ ደሙ፣ የእንግዴ ልጁ ቁራጭ ሁሉ እዚያው ፍራሽ ውስጥ ይቀበራል። ከዚያ ፍጉ ተዝቆ ወደ እርሻ ይወጣል። ሲደርቅ አቧራ ነው። አቧራው ውስጥ ያለው ኮክሲየላ ደግሞ ለወራት አይሞትም።

እንግዲህ ከዚህ ጎን መንደር አለ እንበል። አለም።

ደቬንተር፣ 2005

በማንኛውም ትልቅ እርባታ ጥቂት ፍየል መጨንገፉ አይቀርም። ያ ማንንም አያስደነግጥም። በ2005 አንድ እርባታ ላይ የታየው ግን ከዚያ ያለፈ ነበር። ናሙናው ደቬንተር ከተማ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና አገልግሎት ተላከ። ውጤቱ ኮክሲየላ ሆነ። በኔዘርላንድ የወተት ፍየል በዚህ በሽታ ምክንያት መጨንገፏ ሲረጋገጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት አንድ እርባታ ተጨመረ፣ በ2006 ደግሞ ስድስት። እስከ 2009 ድረስ በ28 የፍየልና በ2 የበግ ወተት እርባታዎች ላይ እንዲህ ዓይነት የጭንገፋ ማዕበል ታየ። በአንዳንዱ ቤት ካረገዙት 60 በመቶ ያህሉ ጥለዋል። አስቡት፣ ከአስር ስድስቱ።

የምርመራው ነገር ጠጋ ብሎ ማየት የሚገባው ነው። ጤነኛ የፍየል እንግዴ ልጅ ስስ ሽፋን ነው። በላዩ ላይ አዝራር የሚመስሉ ቀያይ እብጠቶች ተሰድረዋል። ኮክሲየላ ሲገባበት በአዝራሮቹ መካከል ያለው ስስ ቦታ ይወፍራል፣ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይለብሳል። ይህን ልምድ ያለው ሐኪም በዓይኑ ይጠረጥራል። ግን ዓይን አይበቃም። ክላሚዲያ የሚባለውም የጭንገፋ በሽታ ተመሳሳይ ነገር ያመጣል።

ቀጥሎ ያለው የድሮ ዘዴ ነው። ከእንግዴ ልጁ ላይ መስታወት ላይ ያትሙና ያቀልሙታል። ባክቴሪያዎቹ ሰማያዊ መደብ ላይ ቀያይ ነጥብ ሆነው ይወጣሉ። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ችግሩ ብሩሴላ የሚባለው ሌላው የጭንገፋ ባክቴሪያም ቀይ ነጥብ ነው፣ ክላሚዲያም ቀይ ነጥብ ነው። ሦስቱን በዚህ ብቻ ለመለየት መሞከር መንትዮችን በጥላቸው እንደ መለየት ነው።

ስለዚህ ደቬንተሮች ሌላ ዘዴ ተጠቀሙ። ከእንግዴ ልጁ ሥጋ እንደ ወረቀት የሳሳ ቁራጭ ይወሰዳል። ኮክሲየላን ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይፈስበታል። ከተያዘ ቀለም ያወጣል። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ባክቴሪያው መኖሩን ብቻ ሳይሆን የት እንዳለም ማሳየቱ ነው። እንግዴ ልጁን የሚሠሩት ሴሎች ውስጥ ታጭቆ ከታየ ጥፋተኛው እሱ ነው። ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ ከጭዱ የተለጠፈ አቧራም ሊሆን ይችላል።

የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው ፒሲአር ለምን ብቻውን አይበቃም የሚል ሰው ይኖራል። በኮሮና ጊዜ አፍንጫችንን እየቆፈረ ያስለቀሰን ያው ፒሲአር ነው። እዚህም ይሠራል። ፍየሏ በወለደች ወይም በጣለች በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ከማኅፀን በር በጥጥ ናሙና ይወሰዳል። ሳምንቱ ካለፈ የሚወጣው ባክቴሪያ እየቀነሰ ይሄዳልና ማምለጥ ይጀምራል። ግን ፒሲአር ከመጠን በላይ ንቁ ነው። ቤቱ በሙሉ በተበከለበት ቦታ ጤነኛዋንም ፍየል ‹አለባት› ይላል፤ አቧራው ጭራዋ ሥር ነውና።

ደምስ? የደም ምርመራው የሚፈልገው ባክቴሪያውን አይደለም፤ ፍየሏ ባክቴሪያውን ስትዋጋ ያመረተችውን ነው። ስለዚህ የሚነግረን ያለፈ ታሪክ ነው። ዛሬ የጣለች ፍየል ደሟ ገና ምንም ላያሳይ ይችላል። ደሟ የሚያሳይ ደግሞ ከዓመት በፊት ተይዛ ዛሬ ምንም የማታወጣ ልትሆን ትችላለች። ለመንጋው ጥሩ ነው፣ ለአንዲቷ ፍየል አያስተማምንም።

እንዲህም ሆኖ ከሁሉ የሚያስቸግረው የጣለችው ፍየል አይደለችም። እሷማ ታወቀች። የሚያስቸግረው በሽታው እያለባት በሰላም የምትወልደው ናት። ሁለት የሚዘሉ ግልገሎች አሏት፣ ወተቷ መልካም ነው፣ እንግዴ ልጇም ለዓይን ደህና ነው። ውስጡ ግን ኮክሲየላ ሞልቶታል። ማን ያንን ጠቅልሎ ላቦራቶሪ ይልካል?

ሄርፐን፣ 2007

በ2007 የሜይ ወር መጨረሻ ላይ በሰሜን ብራባንት ሄርፐን የምትባል ትንሽ መንደር ውስጥ የሚሠራ ሐኪም አንድ ነገር ከነከነው። የሳንባ ምች የያዘው ሰው በዛበት። ወቅቱ የጉንፋን አይደለም፤ በሽተኞቹም ጠና ያሉ ጤነኛ ሰዎች ናቸው። ለአካባቢው የጤና ቢሮ አሳወቀ። መጀመሪያ የተጠረጠሩት የታወቁት የሳንባ ምች አምጪዎች ነበሩ። ኪው ፊቨር የተባለው በኋላ ነው። በዚህ መፍረድ ይከብዳል። ከዚያ በፊት በመላው አገሪቱ በዓመት በአማካይ 17 ሰው ብቻ ነበር የሚመዘገበው። አንድ የመንደር ሐኪም ዕድሜ ልኩን ሠርቶ አንድም ሳያይ ጡረታ ሊወጣ ይችላል።

የበሽታው ስም ራሱ ታሪክ አለው። በ1935 አውስትራሊያ፣ ብሪዝበን ውስጥ የቄራ ሠራተኞች ባልታወቀ ትኩሳት ይታመሙ ነበር። ኤድዋርድ ደሪክ የተባለ ሐኪም ምንነቱ እስኪታወቅ ብሎ ‹ጥያቄ› ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያውን ፊደል ወስዶ ስም አወጣለት። ተህዋሲው ተገኘ፣ ጥያቄው ተመለሰ፣ ስሙ ግን እንደ ጥያቄ ቀረ።

ወደ ሄርፐን እንመለስ። የዚያ ዓመት ኤፕሪል እጅግ ሞቃትና ደረቅ ነበር። ፍጉ ደረቀ፣ ነፋሱ ነፈሰ። በኋላ በተደረገ ጥናት በመንደሩ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ኮክሲየላ ወደተገኘበት እርባታ ቀረብ ብለው የሚኖሩት ይበልጥ ተይዘው ተገኙ። በሌላ ቦታ በ2008 የተሠራ ጥናት ደግሞ ከተበከለው እርባታ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖሩት ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚኖሩት ጋር ሲነጻጸሩ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው 31 እጥፍ መሆኑን አሳየ። ሰዎቹ ፍየል አልነኩም። ወተትም ጉዳዩ አልነበረም። ጥፋታቸው መስኮት መክፈታቸው ነው።

በ2007 የተመዘገቡት 168 ናቸው። በ2008 1,000 ሆኑ። በ2009 ከ2,300 አለፉ።

አሁን ወደ ተረቱ። የእንስሳት ሐኪሞቹ በደቬንተር ከ2005 ጀምሮ ፍየሎቹ ለምን እንደሚጥሉ ያውቁ ነበር። የሰው ሐኪሞቹ በ2007 ሰው ለምን እንደሚያስል አወቁ። የየትኛው እርባታ ፍየል እንደጣለች ግን የጤና ቢሮው አያውቅም። አድራሻው የገበሬው የግል መረጃ ነው ተባለ። አንዱ ጉዳይ የግብርና ሚኒስቴር፣ ሌላው የጤና ሚኒስቴር ነው። ግብርናው ‹በሽታው ከፍየሎቹ መምጣቱ ይረጋገጥ› ይላል፤ ጤናው ለማረጋገጥ አድራሻ ይፈልጋል። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ። የትኛው ሰፈር አደጋ ላይ እንዳለ የማያውቅ ሐኪም ለሚያስለው ሰው ሁሉ ትክክለኛውን መድኃኒት አያዝም። መድኃኒቱ ደግሞ ብርቅ አልነበረም፤ ዶክሲሳይክሊን ነው፣ እኛ አገርም ፋርማሲ ውስጥ ያለ።

በጁን 2008 ሕግ ወጣ። ከ100 በላይ ፍየል ያለው ሰው ከ5 በመቶ በላይ ከጣሉበት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ማዕበሉ በታየበት ቤት ፍግ ለ90 ቀን አይዛቅም፣ እንግዳ አይገባም። ደህና ጅምር ነው። ግን ልብ በሉ፣ ሕጉ ያረፈው በገበሬው አንደበት ላይ ነው። ‹አዎ፣ ጥለውብኛል› ያለ ሰው በሩ ይዘጋበታል፣ ጎረቤቱ ያኮርፈዋል። እኛ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ እዚህ ጋ ግን ለደባቂው ይሻለው ነበር። በዚያ ላይ በሰላም ወልደው የሚያወጡትን ፍየሎች ሕጉ ጭራሽ አያያቸውም።

የወተት ጋኑ

መፍትሔው ከማኅፀንም ከደምም አልመጣም፤ ከወተት ማጠራቀሚያ ጋን መጣ። የተያዘች ፍየል ባክቴሪያውን በወተቷም ታወጣለች። የመንጋው ወተት በሙሉ አንድ ጋን ይገባል። ከጋኑ ትንሽ ጨልፎ በፒሲአር ማየት ነው። ማንም ፍየል አይያዝም፣ ማንም ጥጥ አይገባበትም፣ የገበሬውም ቃል አያስፈልግም። ከኦክቶበር 2009 ጀምሮ በየሁለት ወሩ ግዴታ ሆነ፣ ዲሴምበር ላይ በየሁለት ሳምንቱ ተደረገ። አንድም ፍየል ጥላብኛለች ብለው የማያውቁ እርባታዎች ‹አለባችሁ› ተባሉ። ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ይሄ ነው። አራት ዓመት ሙሉ የተጠበቀው የመርማሪ መሣሪያ አልነበረም፤ መሣሪያው ነበረ። የጠፋው ሳይጠየቅ የሚናገር ምስክር ነው።

ጋኑም ቢሆን እንከን አላጣም። በ2008 መገባደጃ በአካባቢው የፍየል ክትባት ተጀምሯል፣ በ2009 ግዴታ ሆኗል። ክትባቱ የተሠራው ከሞተ ኮክሲየላ ነው። የተከተበች ፍየል ለዘጠኝ ቀን ያህል የክትባቱን ርዝራዥ በወተቷ ልታወጣ እንደምትችል በኋላ ታወቀ። ፒሲአር የሞተውንና ያለውን አይለይም። ክትባቱን በሰጠ ማግስት ‹ተይዘሃል› የተባለ ገበሬ ቢጮህ አይፈረድበትም።

ከዚያ ዲሴምበር 2009 መጣ። የግብርና ሚኒስትሯ ኸርዳ ፈርቡርኽና የጤና ሚኒስትሩ አብ ክሊንክ በተበከሉት እርባታዎች ያሉ ያረገዙ ፍየሎች በሙሉ እንደሚገደሉ አስታወቁ። የተከተቡትም ጭምር። የእርባታዎቹ አድራሻም ያኔ ይፋ ሆነ። አመክንዮው ግልጽ ነው፤ ባክቴሪያው የሚባዛው እንግዴ ልጅ ውስጥ ነው፣ እንግዴ ልጅ ከሌለ ማዕበል የለም። መውለጃው ወራት እየመጣ ነው። የትኛዋ ተይዛ የትኛዋ እንዳልተያዘች አንድ በአንድ ለመለየት ጊዜም አስተማማኝ ምርመራም የለም። ስለዚህ ሆዷ የገፋ ሁሉ። በገና ሰሞን የእንስሳት ሐኪሞች ነጭ ቱታ ለብሰው፣ መተንፈሻ አድርገው ገቡ። ያላረገዙት ሴቶች ተረፉ፤ ግን ዕድሜ ልካቸውን እንዳያረግዙ ተከለከሉ።

በ2010 የተመዘገበው በሽተኛ ወደ 500 ወረደ። ግድያው ነው ወይስ ክትባቱ ያወረደው የሚለው ክርክር አልተቋጨም፤ ሁለቱ ተደራርበው ስለመጡ ለመለየት ያስቸግራል። እኔ ክትባቱ አንድ ዓመት ቀድሞ ቢገባ ኖሮ ከሚሉት ወገን ነኝ። በኖቬምበር 2010 አንድ አጣሪ ኮሚቴ መንግሥት መዘግየቱን ጻፈ። በ2012 የአገሪቱ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ባወጣው ሪፖርት ለታማሚዎቹ ይቅርታ ሊባሉ እንደሚገባ አነሳ።

ወደ እኛ ጉረኖ

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስለን። በ2013 በወጣ አንድ ጥናት በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ አርብቶ አደር አካባቢ ከተመረመሩት ፍየሎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደም ከኮክሲየላ ጋር መገናኘታቸውን አሳይቷል። ብሩሴላ ደግሞ ከዚያ ጎን ለጎን አለ። እኛ ዘንድ ዘጠኝ መቶ ፍየል አንድ ጣሪያ ሥር አይገባም፤ ማዕበሉ እንደዚያ ላይሆን ይችላል። ግን ፍየል ስታምጥ በባዶ እጅ እንስባለን። እንግዴ ልጁን ለውሻ እንወረውራለን። ግልገሏ ብርድ እንዳይመታት ከልጆቹ ጋር እናሳድራለን። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ወባ ነው ይባላል፣ ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው ይባላል። ‹ቤት ውስጥ ፍየል ጥላለች ወይ?› ብሎ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም።

የአምስት በመቶ ሕግም ስምንት ፍየል ላለው ሰው ምንም አይልም። ኔዘርላንዶች ለትንንሽ መንጋ ሌላ መለኪያ ነበራቸው፤ በ30 ቀን ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ከጣሉ አሳውቅ የሚል። ይሄኛው እኛ ጋ ያስኬዳል። የጣለች ፍየል ስትገኝ ደግሞ ጓንት ከሌለ እጅን በሁለት ፌስታል መሸፈን፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ እርጉዝ ሴትና የልብ ሕመም ያለበትን ሰው ከዚያ ማራቅ። ለምርመራ የሚላከው ከአዝራሮቹ ጋር የተቆረጠ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ነው፤ ከተቻለ የሞተው ፅንስና የእናቲቱ ደምም ይጨመራል። ድርብ ፌስታል፣ በረዶ ያለበት ሳጥን፣ በዚያው ቀን። የቀረው ውሻ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል፣ ጭዱም ይቃጠላል።

በኔዘርላንድ የወተት ፍየሎች እስከ ዛሬ ይከተባሉ፣ ጋኑም ይመረመራል። የሰው ነገር ግን በ2010 አላበቃም። ኮክሲየላ በአንዳንድ ሰው ልብ ቫልቭና በትልቁ የደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ ተደብቆ ለዓመታት ይቀመጣል። እስከ 2018 በተደረገ ቆጠራ በበሽታው የሞቱት 95 ደርሰዋል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ሲያዙ እንኳ አላወቁም፤ ወይ ቀለል ያለ ጉንፋን ነበር፣ ወይ ምንም አልነበረም። ቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ተኝተው ‹ፍየል አጠገብ ነበሩ ወይ?› ሲባሉ አይ ይላሉ። የሚኖሩበት መንደር የት እንደሆነ ሲጠየቁ ነው ሐኪሙ ቀና የሚለው።